አንድ ኩንታል ሞርፊን

የዛሬው ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት። ፋርማሲስት የሆናችሁ ግን ዛሬውኑ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መልእክት ላከልኝ። ክፍለ ሀገር፣ አንድ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የሚሠራው። "ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኩዎት ይቅርታ" ብሎ ጀመረ። ቀን ላይ አንድ ሰው የሞርፊን ሲሮፕ ማዘዣ ይዞ መጣ። እናትየው የጡት ካንሰራቸው ወደ አጥንት ተዛምቶ ቤት ነው የተኙት። ማዘዣው ላይ ፊርማ አለ፤ ማኅተሙ ግን ደብዝዟል፣ የመጠኑ አጻጻፍም ግልጽ አይደለም። ልጁ እንደተማረው አደረገ፤ መለሰው። "ሰውየው ምንም አልተናገረም ቲቸር። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትክክል ነበርኩ?"

ያን ሌሊት አልመለስኩለትም። መመለስ አቃተኝ። ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁና። እሱን ራሱን ማለቴ አይደለም፣ የእሱን ቢጤ።

በ1986 ዓ.ም.፣ ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢ የለበሰ ገበሬ ማዘዣ ዘረጋልኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና "ዶክተር፣ አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ነው የሚያድረው፤ ጎረቤትም አልተኛ" አለኝ። ማዘዣውን አየሁት፤ ቀኑ አልፎበታል። "አባቴ፣ ይሄ አይሠራም፤ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስና አዲስ አጽፍ" አልኩት። ሐኪሙ ደግሞ የሚገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። የመድኃኒቱ ሳጥን ከኋላዬ፣ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎ፣ ምናልባት ሦስት እርምጃ ይርቃል። በሳምንቱ ያው ሰውዬ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ በግቢው ሲያልፍ አየሁት። አየኝ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ አለፈ።

ያኔ ትክክል ነበርኩ። በመዝገብም በሕግም ትክክል ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳስተምር ሞርፊንን በአንድ ክፍለ ጊዜ እጨርሰው ነበር፦ ተቀባዩ ይኸውና፣ ጉበት እንዲህ ያደርገዋል፣ ኩላሊት እንዲህ ያስወጣዋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ተነሥቶ አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አፍ እስኪደርስ ያለውን መንገድ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርኩም። የዛሬው ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው በሉት። ታሪኩን ደግሞ ስትከተሉት በየመታጠፊያው የምታገኙት መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ አንዳንዴ በሩን ሲከፍት፣ አንዳንዴ ሲቆልፍ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ጀርመን አገር፣ ፓደርቦርን የምትባል ከተማ ነው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ (የአውሮፓን ቁጥር ነው የምጠቀመው፣ እስከ መጨረሻው እንደዚሁ ነው) ፍሬድሪክ ዜርቱርነር የሚባል ወጣት በአንድ መድኃኒት ቤት በረዳትነት ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሙያውን የቀሰመው ከጌታው ሥር ሆኖ ነው። ዕድሜው ሃያ አንድ ገደማ። የዘመኑ ትልቅ መድኃኒት ኦፒየም ነው፣ ከአደይ መሰል አበባ የሚወጣ የደረቀ ወተት። ችግሩ አንዱ ኦፒየም ካንዱ አይመሳሰልም። የዛሬው ቁራሽ ምንም አይሠራም፣ የነገው ሰው ይገድላል። ሐኪሙ በሽተኛውን ይወቅሳል፣ በሽተኛው ሐኪሙን፣ ሁለቱም ቀማሚውን። እንግዲህ ልጁ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ከመስኮት ሥራ ከመጣ ጥያቄ። "በዚህ ውስጥ የሚሠራው ነገር ለብቻው ቢወጣና ቢመዘንስ?"

ኦፒየሙን በአሲድ አሟሟ፣ በአሞንያ አረጋው፣ ነጭ ክሪስታል አገኘ። መጀመሪያ በእንስሳት ሞከረው። የጻፈውን ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረለትም። መቼም የመድኃኒት ቤት ረዳት የጻፈውን ማን ያነባል። ስለዚህ በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ዓይናቸው የሚፈጥበትን ነገር ተረከ፦ ራሱና ሦስት ወጣቶች ግማሽ ግሬን፣ ማለትም 30 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ዋጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሌላ 30። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሌላ 30። ዛሬ ሞርፊን ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ በአምስት ሚሊ ግራም ነው የምንጀምረው። ፊታቸው ቀላ፣ ሆዳቸውን አመማቸው፣ ሊወድቁ ደረሱ። ዜርቱርነር ነገሩ ሲጠናበት ለሁሉም ኮምጣጤ አጠጥቶ አስመለሳቸው። በሕይወት ተረፉ፣ እኛም መጠን የሚባለውን ነገር አገኘን። ስሙን ከግሪኮቹ የሕልም አምላክ ከሞርፌዎስ ወሰደው። የፈረንሳይ አካዳሚ በ1831 ሽልማት ሰጠው፤ እሱ ግን ሐሜልን በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤቱን ከፍቶ እየሸጠ ነው ዕድሜውን የጨረሰው።

ቀጥሎ ሌላ ቀማሚ አለ። ዳርምሽታት ውስጥ የአባቶቹን መድኃኒት ቤት የወረሰ ሐይንሪክ ኢማኑኤል ሜርክ በ1827 ሞርፊንን በብዛት እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ሜርክ ስትሉ የምታውቁት ትልቅ ኩባንያ ከዚያ መድኃኒት ቤት ነው የተነሣው። በ1853 ደግሞ የኤድንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ዉድ በመርፌ መስጠት ጀመረ። ይህንን በአጭሩ ነው የማልፈው፤ መርፌ ግን አንድ ጣጣ ይዞ እንደመጣ ልብ በሉ። መርፌ ወጊ ይፈልጋል። ወጊው ሆስፒታል ነው ያለው። በሽተኛው ቤት ነው ያለው።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የብሮምፕተን ሆስፒታል ቀማሚዎች ያዘጋጁት የነበረ አንድ ድብልቅ ነበር፤ "ብሮምፕተን ኮክቴል" የሚሉት። ሞርፊን ወይም ሄሮይን፣ ኮኬይን፣ ጂን ወይም ብራንዲ፣ ማር ወይም ሲሮፕ፣ ክሎሮፎርም ያለበት ውኃ። አትሳቁ። ለዘመኑ ትልቅ ርኅራኄ ነበር። በአፍ ይወሰዳል፣ ወጊ አይፈልግም፣ በሽተኛው ቤቱ ሊጠጣው ይችላል። ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ቅመም ነበረው፣ ልክ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የጠላ አጣጣል እንዳለው። ሰውየው ከአንዱ ሆስፒታል ወጥቶ ሌላው ጋ ሲሄድ በአንድ ስም ሌላ ነገር ይጠጣል። ከዜርቱርነር መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እዚያው ችግር ላይ ነን፦ መጠኑን ማን ያውቃል?

ሲስሊ ሶንደርስ የምትባል ሴት ናት ነገሩን የለወጠችው። ነርስ ነበረች። ወገቧ ታመመና ነርስነቱን ትታ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። ከፖላንድ የመጣ አንድ በካንሰር የሚሞት ሰው አስታመመች፤ በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፣ ወደፊት ለምትሠሪው ቤት መስኮት ይሁንልኝ ብሎ። ከዚያ ሐኪም ካልሆንኩ ስለ ህመም የሚሰማኝ የለም ብላ በጎልማሳነቷ ሕክምና ገባች፤ በ1957 ተመረቀች። ከዚያ በፊት ግን በበጎ ፈቃደኝነት በምታገለግልበት በሴንት ሉክ ቤት አንድ ነገር አይታ ነበር። እዚያ ያሉት ነርሶች ሞርፊኑን በሽተኛው እስኪጮህ አይጠብቁም ነበር። በሰዓቱ ይሰጡታል። የሚያጠጡትም በአፍ ነው። በሽተኛው አይጮህም፣ አይለምንም፣ ሰዓቱን አያይም። ሌላ ቦታ "ሱሰኛ ሆነ" የሚባለው ሰው፣ አለች ሶንደርስ፣ መድኃኒት ሳይሆን የሚናፍቀው የሚቀጥለውን ህመም ነው የሚፈራው። ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን በ1967 ከፈተች፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1969፣ ሠራተኞቿ ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። የቤት ለቤት ማስታገሻ ሕክምና የምንለው የዛሬው አሠራር አባቱ ይኼ ነው።

እዚያ ሆስፒስ ውስጥ ሮበርት ትዋይክሮስ የሚባል ወጣት ሐኪም ያንን የብሮምፕተን ኮክቴል ፈታው። ወደ 700 የሚጠጉ በሽተኞችን ይዞ ሞርፊንና ሄሮይንን አነጻጸረ። መጠኑ ከተስተካከለ በአፍ ሲወሰዱ ልዩነት የላቸውም። ኮኬይኑስ? እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይጨምርም። ጂኑ፣ ማሩ፣ ብራንዲው ሁሉ አጀብ ነበር። የሚሠራው ሞርፊን በውኃ ነው። ተራ፣ መራራ፣ ርካሽ። እኔ ይህንን ግኝት ከዜርቱርነር ግኝት እኩል ነው የማየው፤ ምክንያቱም ሞርፊን በውኃ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማንኛውም ሚዛንና ንጹሕ ውኃ ያለው ፋርማሲስት ሊሠራው ይችላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ ነገሩን አሳጠረው፦ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ህመሙ ደረጃ።

(በነገራችን ላይ፣ መዋጥ ለማይችሉት በሽተኞች በባትሪ የምትሠራውን፣ መድኃኒት ቀስ እያለች ከቆዳ ሥር የምትለቀውን ትንሽ ፓምፕ የፈጠረው ማርቲን ራይት ነው። ፖሊስ ሾፌር አስነፍሶ መጠጥ የሚለካበትንም መሣሪያ የሠራው እሱ ነው። ለጨዋታ ያህል ነው።)

አሁን ወደ ሠፈራችን። ይሄኛው ታሪክ ነው በጣም የምወደው፤ ታገሡኝ።

አን ሜሪማን እንግሊዛዊት ሐኪም ነበረች፣ የሊቨርፑል ልጅ። በ1980ዎቹ ሲንጋፖር ስትሠራ በካንሰር የሚሰቃዩ ሰዎች ያለ ሞርፊን እቤታቸው ሲሞቱ አየች። የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል ፋርማሲስቶች ጠየቀቻቸው፦ ከዱቄት ተነሥታችሁ ሲሮፕ ልትሠሩልኝ ትችላላችሁ? ሠሩላት። የሞርፊን ዱቄት፣ ንጹሕ ውኃ፣ እንዳይበላሽ ጥቂት ማቆያ። በቃ። ያንን ቅመም ይዛ በ1990 ናይሮቢ መጣች፣ በ1993 ደግሞ ካምፓላ ገባች፤ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ጀመረች። ያኔ ኤች.አይ.ቪ ኡጋንዳን እያጨደ ነው። መድኃኒቱ ገና አልመጣም። ሆስፒታሉ ሞልቷል፣ ሰው ቤቱ ነው የሚሞተው። እሷ ደግሞ የነበራት ገንዘብ ለጥቂት ሠራተኞች ለጥቂት ወራት የሚበቃ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድማ አረጋግጣለች፤ የጤና ሚኒስትሩ የሞርፊን ዱቄት ወደ አገር እንዲገባ ካልፈቀዱ አልጀምርም ብላ ነበር። ፈቀዱ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች የቀመሙት ኩሽና ውስጥ ነው። በባልዲ። የሞሉት ደግሞ ከሆቴሎች በተለቀሙ ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ላይ ነው። የጥሩ አመራረት ደንብ ያስተማርኳችሁ ልጆች አሁን ፊታችሁ ሲጨማደድ ይታየኛል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ተጨማድዷል። ግን ከባልዲው አማራጭ ፋብሪካ አልነበረም፤ ጩኸት ነበር።

ከዚያ ደግሞ አንድ የፋርማሲ ጥበብ ጨመሩበት። ሲሮፑን በምግብ ቀለም ቀቡት። ደካማው፣ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለበት፣ አረንጓዴ። በ5 ሚሊ ሊትር 50 ያለበት ሮዝ። 100 ያለበት ሰማያዊ። ቀላል ይመስላል አይደል? አስቡት፦ ማንበብ የማትችል አያት፣ ማታ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ለልጅ ልጇ አባት መድኃኒት ትለካለች። ሁለት ጠርሙስ አለ፣ ሁለቱም እንደ ውኃ ቢሆኑ፣ አንዱ ካንዱ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ስህተቱ ሞት ነው። ቀለሙ ማንበብ ለማይችለው ሰው የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ይህንን ያሰበ ሰው እቤት ድረስ ሄዶ ያየ ሰው ነው።

ሌላ እንቅፋት ነበረባቸው፤ ሐኪም የለም። ሞርፊን ማዘዝ የሚችለው ሐኪም ነው፣ ሐኪሙ ከተማ ነው፣ በሽተኛው ገጠር። ኡጋንዳ በ2004 ሕጓን አሻሻለችና በማስታገሻ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች (እኛ ጤና መኮንን ከምንለው ጋር ይቀራረባል) ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። በ2011 ደግሞ መንግሥት ሥራውን ለዚያው ሆስፒስ ሰጠው፦ እናንተ ቀምሙ፣ የመንግሥቱ መድኃኒት ማከፋፈያ ለመላ አገሪቱ ያደርሳል። በባልዲ የተጀመረው ነገር የአገር አቅርቦት ሆነ። ለበሽተኛው በነጻ።

ታዲያ ሌላው የድሃ አገር ሁሉ ለምን እንዲህ አላደረገም? እዚህ ላይ ነው ወደ ሕጉ የምመለሰው፣ ተማሪዬ እንቅልፍ ወዳጣበት ነገር።

የዓለም አገሮች በ1961 የናርኮቲክ መድኃኒቶችን ነጠላ ስምምነት ፈረሙ። (የእኛው አገር የመጀመሪያው የፋርማሲ ትምህርት ቤትም የተከፈተው በዚያው በ1961 ነው። ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ትምህርቱና ቁልፉ መንትያ ናቸው።) ስምምነቱን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በክልከላው ነው። መግቢያውን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። መግቢያው ላይ ሁለት ነገር ነው ያለው፤ አንዱ ሱስ ክፉ ነው የሚል፣ ሌላው ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ህመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ ስለሆኑ በበቂ መቅረብ አለባቸው የሚል። ሁለት ግዴታ። እኛ አንዱን ብቻ ነው በቃላችን የያዝነው። እኔ ራሴ ሳስተምር ሁለተኛውን ግዴታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌው አላውቅም።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አገር በዓመት ይህን ያህል ያስፈልገኛል ብሎ ቪየና ላለው ዓለም አቀፍ ቦርድ ግምቱን ያሳውቃል። ከግምቱ በላይ ማስገባት አይችልም። አንድ አገር ግምቱን ባለፈው ዓመት በተጠቀመው ላይ ከመሠረተ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ሐኪሙ ፈርቶ ካላዘዘ፣ ፋርማሲስቱ ፈርቶ ካልሰጠ፣ ግምቱ ትንሽ ይሆናል፤ ትንሽ ስለገባ ትንሽ ይታዘዛል። ክብ ነው። ማንም ክፉ ሰው የለበትም። ሁሉም ትክክል ሆኖ ሕዝብ እየጮኸ ያድራል።

ውጤቱን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 አስልቶታል። በዓለም በዓመት የሚከፋፈለው ሞርፊንና የሞርፊን ቢጤ መድኃኒት 298.5 ቶን ነው። ከዚህ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን። በእኛ ሚዛን ልንገራችሁ፦ ዓለም 2,985 ኩንታል ሲያገኝ ድሆቹ አገሮች ሁሉ ተደምረው አንድ ኩንታል አገኙ። አንድ ኩንታል። አህያ የምትሸከመው።

አንዳንዶቻችሁ "ጋሼ፣ አሜሪካን አላዩም ወይ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አይቻለሁ። በ1996 ገበያ የገባው ኦክሲኮንቲን ሱስ አያስይዝም እየተባለ ለወገብ ህመም ለጥርስ ህመም ሲዘራ የደረሰውን አይቻለሁ፤ ኩባንያው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አምኗል። እኛም ከተማ ትራማዶል ወጣቱን ምን እያደረገው እንደሆነ መስኮት ላይ የቆማችሁት ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቁልፉ ይሰበር የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ያ እሳት የተነሣው ከነጋዴ ነው፤ መራራ ውኃ በአረንጓዴ ጠርሙስ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ለሚሞት ሰው ቤት ድረስ ከመሄዱ አልተነሣም። ሁለቱን አንድ ስም ስለያዙ ብቻ አንድ ማድረግ ስንፍና ነው። የእኛ ሙያ ደግሞ መለየት ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ሰው ቤቱ ሲሞት ማስታመም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው መድኃኒቱ ነው። በኤች.አይ.ቪ ክፉ ዘመን፣ ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒቱ እንደልብ ሳይገኝ፣ እድሮች ከቀብር ወጣ ብለው ወደ ማስታመም የገቡበት ጊዜ ነበር። ፈቃደኛ እናቶች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያጽናናሉ። ከቦርሳቸው የሚወጣው ግን ፓራሲታሞል ነበር። ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ቤት ለቤት መዞር የጀመረው በዚያ መካከል ነው። ጤና ጥበቃ ደግሞ በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አወጣ። የአፍ ሞርፊን ዛሬ ብርቅ ቢሆንም ተረት አይደለም። ተማሪዬ መልሶ የሰደደው እኮ ማዘዣውን እንጂ መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ነበረ።

ሐኪሙ ያዛል፣ ነርሷ ትጎበኛለች፣ ፋርማሲስቱ ምን ይሠራል ለሚለኝ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገረው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እትዬ ሞርፊን ሲሮፕ ተሰጥቷቸዋል፣ ግን "አልረዳቸውም" ይባላል። ገባሁ። ልጃቸው ማንኪያውን አሳየችኝ። ወረቀቱ ላይ "አንድ ማንኪያ" ነው የሚለው፤ እሷ ጠዋት የሻይ ማንኪያ ትጠቀማለች፣ ማታ ያንን ካጣች የሾርባ ማንኪያ። አምስት ሚሊ ሊትርና አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር። የምትሰጠው ደግሞ ሲያቃስቱ ብቻ ነው፤ "ላለማስለመድ"። ጭራሽ ለሁለት ቀን አቁማዋለች፣ ሆዳቸው ስለደረቀ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ማለስለሻ መሰጠት አለበት፤ ማንም አልነገራትም። ከጠርሙሱ ሥር ሌላ የህመም ክኒን፣ ሌላ የእንቅልፍ ክኒን፣ ከዘመድ የመጣ ምኑም የማይታወቅ ዱቄት። እሳቸውም በበኩላቸው የልጃቸውን ፊት እያዩ መድኃኒቱን ይፈሩታል፤ "ሞርፊን ተሰጣት ማለት ቆርጠውላታል ማለት ነው" ሲባል ሰምተዋል።

ሐኪሙ የጻፈው ትክክል ነበር። ፋርማሲው የሰጠው ትክክል ነበር። በመካከል ያለው ነው የጠፋው። አንድ መርፌ የሌለው ባለ አምስት ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሰጠኋት፣ መስመሩ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩ። በየአራት ሰዓቱ የሚለውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደወልና ከሬዲዮ ዜናው ጋር አያያዝነው። እትዬ ሽንታቸው ቀንሶ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ኩላሊት ከደከመ ሞርፊኑ ይጠራቀማልና። ለሐኪሙ ደወልኩ፣ የሌሊቱን ነገር ተነጋገርን፣ ማለስለሻ ታዘዘ። ይኼ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል አልፈጀም። በአምስተኛው ቀን እትዬ ቡና ይፈላልኝ አሉ፤ ሊጠጡት ሳይሆን ሽታው ናፍቋቸው። ስድስት ሳምንት ኖሩ። ካረፉ በኋላ፣ ለቅሶው ሰልስቱ እንደወጣ፣ የተረፈውን ጠርሙስ ልጅቷን አስፈቅጄ ወደ ፋርማሲው መለስኩ፤ ያም የእኛ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ፋርማኮሎጂ" ብዬ ያስተማርኩት ነገር በዚያ ማንኪያ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ። በማግስቱ ጠዋት መለስኩለት። የ1986ቱን ገበሬ ነገርኩት፤ ከዚያ በፊት ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ "ማዘዣው ላይ የሐኪሙ ስልክ ነበረ ወይ?" አልኩት። ነበረ። "ለምን አልደወልክም?" ዝም አለ። "መመለስህ ሕግ ነው፤ ያለመደወልህ ግን ሕግ አይደለም፤ የትኛውም አዋጅ ላይ አትደውል አይልም" አልኩት። ደግሞ ጨከንኩበት መሰለኝ ብዬ ወዲያው ተጸጸትኩ። እኔም እኮ አልደወልኩም፤ በእኔ ጊዜ ስልክ አልነበረም ብዬ ራሴን እንዳላጽናና የሐኪሙን ቤት አውቀው ነበር።

እስከ ማታ ምንም አልጻፈም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። ሐኪሙ ጋ ደውሏል፤ አዲስ የተስተካከለ ማዘዣ ተጽፏል። የሰውየውን ቤት በእድራቸው በኩል አፈላልጎ፣ ከሥራ ሲወጣ ሲሮፑን፣ ስሪንጁንና ማለስለሻውን ይዞ በባጃጅ ሄዷል። የጻፈልኝን እንዳለ ልገልብጠው፣ አስፈቅጄዋለሁ፦

"በሩን የከፈተልኝ ራሱ ሰውየው ነው። አወቀኝ። ምን እንደምለው ጠፋኝ ቲቸር። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል 'ተወው፣ ግባ፣ ነቅታለች' አለኝ።"